ዝናብ የያዘችው ምጣድ

ዳፑ እባላለሁ። በእኛ ቋንቋ «በቃን» እንደ ማለት ነው። እናትና አባቴ ሴት ልጅ ሲደራረብባቸው፣ አምላክ ይሰማን ይሆናል ብለው ያወጡልኝ ስም ነው፤ አልሰማቸውም፣ ከእኔ በኋላ ሌላ ሴት ወለዱ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ስሜ ሳይሆን ስለ ቂጣ ምጣዴ ነው። አገሩ ሁሉ ስለ እሷ አውርቶ ሲያበቃ እኔ ዝም የምልበት ምክንያት የለም።

የዚያን ዓመት ሙቀት ሌላ ነበር። በረሃ ነው የምንኖረው፣ ሙቀት ብርቃችን አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ረፋድ ላይ ትኩሱ ነፋስ ይነሳና አሸዋውን እያፈሰ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። በር ዘግተን፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባራችን ላይ ጥለን እንጋደማለን። ግመላችን ከግራሩ ጥላ ንቅንቅ አይልም፤ ጣዎሶቹም ክንፋቸውን አንጠልጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት የግቢያችን ጉድጓድ ደግሞ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ባልዲው ሲወርድ የታችኛውን ድንጋይ እየነካ «ኳ» ይል ጀመር። ያቺን ድምፅ የሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ነገር አያስብም። የማሽላው ዘር በጆንያ ተቀምጧል፣ ማሳው ተመንጥሮ ይጠብቃል፣ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙረን ደመና እንፈልጋለን።

ሁላችንም ስል አንዲት ሰው ስትቀር ነው።

ሱግና የልጄ ሚስት ናት። ባለፈው የብርድ ወራት ነው የተዳረችው። ልጄ ከሠርጉ በኋላ ሱረት ከተማ ወደሚሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተመለሰ፣ እሷ ከእኔና ከባለቤቴ ከቼና ጋር ቀረች። እጇ ፈጣን ነው፣ አንደበቷ ግን ቁጥብ ነው፤ እኔ ቤቱን የሚሞላ ምላስ ስላለኝ ተስማምተን ነበር የምንኖረው። በእኛ ዘንድ አዲስ ሙሽራ የመጀመሪያዋን ሳዋን፣ የዝናቡን ወር ማለቴ ነው፣ ከአማቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ስር አታሳልፍም። ወንድሟ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይወስዳታል። አብረዋት ያደጉት ልጆችም ከየተዳሩበት ተመልሰው ይሰበሰባሉ፣ ትልቁ ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ ይሰቀላል፣ ይዘፈናል፣ እንደ ልብ ይሳቃል። በዕድሜ አንዴ ነው። በዓመቱ አንዷ አርግዛ፣ አንዷ ወልዳ፣ አንዷ ባሏን ተከትላ ከተማ ገብታ፣ እንደዚያ ሆነው ዳግመኛ አይገናኙም። ሱግና ይህን ወር ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች።

ችግሩ ወንዙ ነው። በእኛና በእናቷ መንደር መካከል ሰፊ የአሸዋ ወንዝ አለ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ ፍየል ይሰማራበታል፣ ሞተር ሳይክል ያልፍበታል። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ግን ጎርፉ ከላይ ይወርድና ማዶና ማዶ ያስቀረናል፤ ድልድይ የለንም። አንዳንድ ዓመት በጥቂት ቀን ይጎድላል፣ አንዳንድ ዓመት ወሩን ሙሉ ሰው አያሳልፍም። ታጋራም የሚባለው የሱግና ወንድም የጨው ማምረቻ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አለቃው ፈቃድ ሊሰጠው ነው ሲባል ሌላ ሰው ይታመምና «ነገ» ይለዋል። እሱም ለእህቱ ስልክ ደውሎ «ነገ» ይላታል። ሳዋን ገባ፣ ታጋራም አልመጣም።

እንግዲህ መንደሩ ዝናብ ቶሎ እንዲመጣ ይለምናል፣ እኔ ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ እንዲዘገይ። አፍ አውጥታ አልተናገረችም፣ ማን ደፍሮ ይናገራል? የልመናው አለቃ ጎረቤቴ ሃርኩ ነበረች። ሃርኩን አንድ ጊዜ ያያት አይረሳትም፤ ድምፅዋ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፣ በነገር ሁሉ ፊታውራሪ ናት። ከጭቃ እንቁራሪት ሠርታ፣ በሳህን አስቀምጣ፣ ሴቶቹን አስከትላ በየቤቱ እየዞረች ታዘፍናለች። እንቁራሪቷ ውሃ አጣሁ እንዳትል በየደጁ ውሃ እናፈስባታለን፣ ያኔ ሰማዩም ያዝንልናል ይባላል። እኛ ቤት ሲደርሱ ሱግናን «አፍሺ እንጂ» አልኳት። ጣቷን ጫፉን ነክራ ጠብ አደረገችበት። ሃርኩ ዓይኗን አጥብባ አየቻትና፣ በዚች ልጅ እጅ እንኳን እንቁራሪት ትንኝም አይርስም ብላ አስቃን ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ የጉድጓዱን ዙሪያ ልጠርግ ወጣሁ። ውሃው የሚንሸራተትበት ንጣፍ ንጹህ መሆን አለበት፤ ጫማ አይረገጥበትም፣ የፍየል በጠጥ አይታይበትም፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። እየጠረግሁ ወደ ኋላ ስዞር፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር፣ ከመንገድ በማይታይበት በኩል፣ የብረት ምጣዴ ጀርባዋን ለሰማይ ሰጥታ ተደፍታለች።

ሱግና ሰሞኑን በሸክላው ምጣድ ነበር ቂጣ የምትጋግርልን። ብረቷ ያሳርርብኛል ብላኝ ነበር፣ እኔም አመንኳት።

ምጣድ ደጅ ላይ ከተደፋ ደመና ዞሮ ይሄዳል፤ ይህን እኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እህል ሲታጨድ በረዶ የመጣ እንደሆነ ሮጠን የምናደርገው ነገር ነው። በሳዋን፣ ጉድጓድ ሁሉ «ኳ» እያለ፣ ይህን ማድረግ ግን የመንደሩን ጉሮሮ እንደ መያዝ ነው። ሃርኩ ብታየው ኖሮ ልጅቱን በጩኸት ብቻ ትገድላት ነበር። እርር ድብን አልኩ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ዞር ስል ሱግና በሩ ላይ ቆማለች፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባለች።

«እማማ፣ እስኪመጣ ብቻ ነው» አለችኝ። «እሱ ደጃፍ እንደረገጠ እኔው እገለብጣታለሁ። ማዪ ቢሉኝ እምላለሁ።»

ልጮህባት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የገታኝ ልመናዋ አልነበረም፣ ቦታው ነው። ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር፣ ከመንገድ በማይታየው በኩል። እኔም አዲስ ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት ምጣድ የደፋሁት እዚያው ነው። ማንም አላሳየኝም፣ እሷንም ማንም አላሳያትም። አማቴ አገኘችው፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ማሳው ነበር የጨነቃት። ዓይኔ እያየ በእግሯ ገለበጠችውና፣ ማሽላ የአንቺን ናፍቆት አይጠጣም አለችኝ። ያን ዕለት ሲመሽ ዘነበ። በነጋታው ታላቅ ወንድሜ ማዶ ደረሰ። የሳዋን ልብሴን የያዘውን ቀይ ጥቅል ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ በጎርፉ ድምፅ የተነሳ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። ከዚያ ጥቅሉን ይዞ ተመለሰ። ያ ዓመት ወንዙ ወሩን ሙሉ አልጎደለም። በቀጣዩ ዓመት ልጅ ያዝኩ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። አርጅቻለሁ፣ ጠግቤ ኖሬያለሁ፣ ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ያ ቀይ ጥቅል ግን እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል።

ስለዚህ መጥረጊያዬን አንስቼ ምጣዷን ሳልነካ ዙሪያዋን ጠረግሁ።

«ድንጋይ ጫኚባት» አልኳት፤ «ይኼ ነፋስ ይገለብጣታል።»

ሱግና ሻሿን አፏ ላይ ጭና ቆመች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም፤ ድንጋዩን ግን ቶሎ አመጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሌባ ኑሮ ነው። ሃርኩ በመጣች ቁጥር ጉድጓዱን በቀሚሴ እከልላለሁ። ወሬዋን ወደ ቤት፣ ወደ ጥላው፣ ወደ ፍየሎቹ እስባለሁ። ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት ይጠቁርና ይመለሳል፤ ሃርኩ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ደመናውን ትሳደባለች፣ እኔም አብሬ እሳደባለሁ። በልቤ ግን ፈራሁ። በምጣድ ማመን አለማመኔን ብትጠይቁኝ አላውቅም ነው የምላችሁ። ጉድጓዱ «ኳ» ሲል ግን የማደርገው ነገር ልክ መሆኑን እጠራጠር ነበር፣ ጎረቤቶቼም ልጆች አሏቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ነፋሱ ቆመ። ቅጠል አይነቃነቅም፣ ላባችን ከጀርባችን ወደ ታች ይወርዳል፣ ጣዎሶቹ ከጣሪያ ጣሪያ እየተጠራሩ ይጮሃሉ። ቼና ወደ ሰማይ አየና፣ ዛሬ የሚያቆመው የለም አለ። ወዲያው የሱግና ስልክ ጮኸ። ታጋራም ነው። ፈቃዱን አግኝቶ ሌሊቱን ተጉዞ ነበር፤ የሞተር ሳይክሉ ሰንሰለት ግን ከእናታቸው መንደር ሳይርቅ ተበጠሰበት። በእግሩ እየመጣ ነው። ከሰዓት ወንዙ ጋ፣ ሲመሽ ደጃፋችን እደርሳለሁ ይላል። እስኪመሽ ደግሞ ያ ሰማይ አይታገስም።

ሱግና ስልኩን ዘጋችና ቂጣዋን መጋገር ቀጠለች፤ አላለቀሰችም። አንጀቴን የበላችው ያኔ ነው። ዕቃሽን አምጪ አልኳት። ወንድሟ ደጃፍ ሳይረግጥ ሙሽራ ከቤት ከወጣች እኛ ዘንድ ተባረረች ነው የሚባለው፤ አማቷንም ሰው አፍ ላይ ይጥላታል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ደገምኩላት፣ ዕቃሽን አምጪ። ቼና አንድም ነገር ሳይጠይቅ ግመሉን ከጋሪው ጋር ጠመደ።

ልንወጣ ስንል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምጣዷን እዚያው ትቻት ብሄድ ሃርኩ ወይም ነፋሱ ይገለብጣታል። ስለዚህ ድንጋዩን አንስቼ፣ ምጣዷን እንደተደፋች ይዤ ጋሪው ላይ ወጣሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሃርኩ በራችን ላይ ነበረች፤ ሙሽራዋን ከነጥቅሏ፣ እኔን ከነምጣዴ አየችን። የት ነው አለችኝ። ምጣዷ ጎብጣለች፣ አንጥረኛ ጋ ልወስዳት ነው አልኳት። የሃርኩ ዓይን ወደ ምጣዷ ጀርባ ወረደና እዚያው ቀረ። ቼና ግመሉን ነካ አደረገው።

መንገዱ ይንጣል፣ ብረቷ በፀሐይ ግላ ጭኔን ትለበልበኛለች፤ ጨርቅ አጥፌ ከሥሯ አደረግሁ። ጋሪው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጄ እጫናታለሁ። ከኋላችን ከምድር እስከ ሰማይ የቆመ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ተነስቷል፤ ሱግና ዞራ ዞራ ታየዋለች። ቼና ፊቱን ሳያዞር ነው የተናገረው።

«እናቴ ያኔ መገልበጥ አልነበረባትም» አለ። «አጥብቀሽ ያዣት።»

ይህ ሰው ስንት ዘመን አብሮኝ ሲኖር ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። የማያውቀው ወይም የረሳው መስሎኝ ነበር። እንባዬ ምጣዷ ጀርባ ላይ ወድቆ ወዲያው ደረቀ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ አሸዋው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ማዶ ማንም የለም። ጠበቅን። ነጎድጓዱ ሆዳችን ውስጥ ይሰማናል። ከዚያ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ አንድ ሰው ሲሮጥ ወጣ፤ ጫማውን በእጁ፣ የካርቶን ሣጥን በራሱ ላይ። ሱግና ከጋሪው ዘልላ ወረደች። ታጋራም አሸዋውን አቋርጦ መጥቶ በአክብሮት እግሬን ነካ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሣጥኑን ሰጠኝ፤ እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው የሳዋን ጣፋጭ ነበር፣ ግማሹ በመንገድ ተፈርፍሯል። ደጃፍ አልረገጥኩም እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። ደጃፌ ዛሬ እዚህ ነው፣ ውሰዳት አልኩት።

ሱግና ግን እጄን አልለቅ አለች። እኔ ብሄድ ሰው ምን ይልዎታል ትላለች። እኔ እኮ ምላስ አላነሰኝም፣ አንቺ ዥዋዥዌሽ ላይ ውጪ አልኳትና ገፋኋት። ሮጡ። አሸዋው እግራቸውን እየያዘ ሮጡ፣ እኔም ምጣዷን በሁለት እጄ ወደ ታች ተጭኜ ቆሜ አያለሁ። አቧራው ደረሰብንና ማዶውን ሸፈነው። ሲገለጥ ሁለቱም ከዳርቻው በላይ ወጥተው ቆመዋል።

ያኔ ምጣዷን ገለበጥኳት።

እመኑኝ ወይም አትመኑኝ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ውስጧ ስትወድቅ «ችስስ» ብላ ተነነች። ከዚያማ መቁጠር የለም። ሰማዩ ተቀደደ፣ ምድሩ ሸተተ፣ ቼና እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ግመሉ ይጮሃል። ብዙም ሳይቆይ ከላይ በኩል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መጣ፤ ቡናማ ጎርፍ አረፋና እንጨት እየገፋ አሸዋውን ሞላው። ሱግና ማዶ ሆና አንድ ነገር ትጮሃለች። አልሰማሁም፣ አላስፈለገኝምም። ቀዩን ሻሿን ከራሷ አውልቃ ከፍ አድርጋ ስታወዛውዝ አየሁ። በዝናብ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ጉድጓዶች ሞሉ፣ ማሽላ ተዘራ፣ መንደሩ ጠገበ። ዘሩ ገና ሳይበቅል ግን ወሬው በቀለ። ሃርኩ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት መጥታ፣ ምራትሽ ዝናባችንን ይዛው ነበር ይባላል አለችኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ምራቴ ምን አደረገች?» አልኳት። «የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጄ እስክትሻገር ያዝኩት፣ ስትሻገር ለቀቅሁት። ምጣዷም የእኔ ናት።»

ሃርኩ አፏን ያዘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደጄ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፣ የተቀሩትም ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ጣፋጩን ከቼና ጋር በላነው፣ የሱግና ድምፅ በስልክ ከዘፈንና ከሳቅ ጋር እየመጣ ቤቱን ይሞላዋል፤ ለመከፋት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

አሁን ስለ ሃርኩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእሷም ልጅ ቴጂ የተዳረችው በዚያው ብርድ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንድሟ ሊያመጣት ሲዘገጃጅ ያ ዝናብ ቀደመውና ሃርኩ ስትለምነው የከረመችው ውሃ ልጇን ማዶ አስቀረባት። ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወንዙ ጎደለ፣ ወንድሟም ጠዋት ሊያመጣት ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ። ከሰዓት ሰማዩ እንደገና ጠቆረ።

ሃርኩ ደጄ ላይ መጣች። ገብታ አትቀመጥም፣ አትወጣም፤ ስለ ፍየሎቼ ጠየቀችኝ፣ ስለ ማሳው ጠየቀችኝ። ለአንድ ጊዜ ድምፅዋ ከግቢዬ አልወጣም።

«ምጣድሽን» አለች በመጨረሻ። «እስኪደርሱ ብቻ።»

«አንቺ ምጣድ የለሽም?»

«አለኝ። የእኔ ግን ይዛ አታውቅም።»

መሳቅ ነበረብኝ፣ አልሳቅሁም። ምጣዷን አምጥቼ ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር፣ እዚያችው ቦታ ደፋኋት፤ ድንጋዩን ሃርኩ ጫነች። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነፋሱ ቆሟል፣ ጣዎስ ይጮሃል። ሃርኩ መንገዱን እያየች፣ ስለ መጀመሪያ ሳዋኔ ጠየቀችኝ፣ ለእኔስ ማን ምጣድ እንደደፋልኝ። እኔው ደፍቼ እንደነበርና አማቴ እንደገለበጠችብኝ ነገርኳት። ሃርኩ ጠጋ ብላኝ ተቀመጠች።

ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ የሞተር ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች የተቀመጡበት ሞተር ሳይክል ብቅ አለ፤ የኋለኛዋ ሻሽ ይውለበለባል። ሃርኩ ብድግ አለች፣ ድንጋዩን አነሳች፣ እጇን ምጣዷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ እጇን መለሰችና ዞራ አየችኝ።

«አንቺ ገልብጪያት» አለችኝ። «የአንቺ ተራ ነው።»

ሞተሩ ደጃፍ እስኪደርስ ጠበቅሁና፣ በእግሬ ሳይሆን በሁለት እጄ፣ ቀስ ብዬ ገለበጥኳት። ዝናቡም አላስጠበቀንም።